በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ፤ የመጠጥ ማገገሚያ ቡድን እንዴት ልጀምር?

ጥያቄ፦ "38 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ እጠጣለሁ። ሲጀመር አንድ ብርጭቆ ነበር፤ አሁን ጠርሙሱ ሳያልቅ አልተኛም። ባለቤቴ እንደምጠጣ ያውቃል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አያውቅም። በራሴ ለማቆም ሞክሬ በማግስቱ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ በላብ ተጠመቅኩ፣ እንቅልፍም አልወሰደኝ። ሳልቆይ ተመልሼ ጠጣሁ። መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚረዳዱበት ቡድን እንዳለ ሰምቼ አድራሻ አፈላልጌ ሄድኩ። በሩ ላይ ደርሼ የሰው ድምፅ ስሰማ ፈራሁና ተመለስኩ። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ? የሃይማኖት ነገር ነው የሚሉም አሉ። ለመሆኑ ተቀምጦ ማውራት መጠጥ ያስቆማል? የሚያስቆም ከሆነስ ከየት ልጀምር?"

መልስ፦

እህቴ፣ በር ላይ ደርሶ መመለስ ያንቺ ብቻ ታሪክ አይደለም። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄዱት እስከ በሩ ድረስ ነው። አንዱ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ገቢ ወጪውን ሲያይ ያመሽና ይመለሳል። ሌላዋ "ሰዓቱ ሳያልፍ አይቀርም" ትልና እፎይ ብላ ቤቷ ትገባለች። አንቺ ቢያንስ ቦታውን አውቀሽዋል።

ስለ ቡድኑ ከማውራቴ በፊት ግን ከጻፍሽው ውስጥ በጣም ያሳሰበኝን ላስቀድም። የእጅሽ መንቀጥቀጥና ላቡ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው አእምሮ አልኮሉን ለምዶት ነው የሚሠራው። አልኮል ያደነዝዛል፤ አእምሮም ያንን ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ ያነቃቃል። መጠጡ ድንገት ሲቋረጥ ማደንዘዣው ይጠፋና መነቃቃቱ ብቻ ይቀራል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። አንዳንድ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ይመጣል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ጥቂቶችን መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት፣ ያሉበትን ቦታና ቀን መሳት ያጋጥማቸዋል። ይሄኛው ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ሐኪም ሳታዪ በአንድ ቀን ቁርጥ አድርገሽ ለማቆም አትሞክሪ። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄጂ መጠኑን አትቀንሺበት። ብዙ ሰው "አልፎ አልፎ" ይላል፤ መድኃኒቱም በዚያ ልክ ይታዘዝለታል። አንቺ "ማታ ማታ አንድ ጠርሙስ፣ ሳቆም እጄ ይንቀጠቀጣል" በይ፤ መጠጡ ምን እንደሆነም ጨምረሽ ንገሪው። ለጥቂት ቀናት እየተቀነሰ የሚሄድ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሊያዝልሽ ይችላል። አንዳንዱ ሰው እቤቱ ሆኖ ይጨርሰዋል፤ አንዳንዱ ሆስፒታል መተኛት ያስፈልገዋል። መንፈራገጥ ወይም መቃዠት ከመጣ ግን "እስኪነጋ እንይ" የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው።

እስከዚያው ቡድኑ ይቆይ ማለቴ እንዳይመስልሽ። ብዙ ሰው "መጀመሪያ ላቁምና ከዚያ እሄዳለሁ" ይላል። አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ ባጭሩ ኤኤ የሚባለው ትልቁ የመረዳጃ ማኅበር፣ አባል ለመሆን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ የማቆም ፍላጎት። ያቆምሽ መሆንሽን ማንም አይጠይቅሽም። ትናንት ማታ ጠጥተሽ ዛሬ መሄድ ትችያለሽ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ ልምጣ። ተቀምጦ ማውራት መጠጥ ያስቆማል ወይ? ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ተቋም በ2020 ባወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ መርምሯል። ከ10,000 በላይ ሰዎች የተካተቱባቸው ናቸው። በባለሙያ እየተደገፉ ከኤኤ ጋር በሚገባ እንዲገናኙ ከተደረጉት ውስጥ ከ100 ሰው 42 ያህሉ ዓመቱ ሲሞላ ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ ርቀው ተገኝተዋል። እንደ ባህሪ ሕክምና ያለ ሌላ እርዳታ ካገኙት ደግሞ 35 ያህሉ። ተአምር አይደለም፤ በሁለቱም በኩል ከግማሽ በላዩ አልተሳካለትም። ግን ክፍያ የሌለው ነገር የሰለጠነ ባለሙያ ከሚሰጠው ሕክምና ጋር እኩል መቆሙ፣ እንዲያውም መብለጡ፣ ቀላል ነገር አይደለም። "በባለሙያ እየተደገፉ" ያልኩትን ደግሞ አትዝለዪው። "ሂጂና ሞክሪው" ተብሎ አድራሻ የተሰጣትና አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ያገናኛት እኩል አይደሉም። ሐኪምሽ ወይም አማካሪሽ ከአንዲት አባል ጋር በስልክ እንዲያገናኝሽ ጠይቂ።

ለምን እንደሚሠራ ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ከሚያገኙት ምክንያት አንዱ የሰው ለውጥ ነው። የሚጠጡ ወዳጆች ይቀንሳሉ፤ የማይጠጡ ይጨምራሉ። እኔም በሥራዬ የማየው ይህንኑ ነው። ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገር፣ ስብሰባው ሲያልቅ ቀድማ የምትወጣ ሴት ለወራት ብትመላለስም ብዙ አታተርፍም። ሁለት ስልክ ቁጥር ይዛ የወጣችው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ ታያለች። ቡድን ፈልጊ ስልሽ በማታ ሰዓት የሚያነሱልሽ ሁለት ሦስት ሰዎች ፈልጊ ማለቴ ነው። ከዚህ በታች የምነግርሽን ሁሉ በዚህ ዓይን እዪው።

የሄድሽበት ቡድን ላንቺ የሚሆን ላይሆንም ይችላል፤ አንድ ብቻ አትያዢ። የሥነ አእምሮ ክሊኒኮችና የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኞች የትኛው ቡድን እንዳለ፣ የትኛው እንደፈረሰ ያውቃሉ። ኤኤ በብዙ አገሮች የራሱ ድረ ገጽ አለው፤ በቀንና በሰዓት መፈለግ ይቻላል። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል የስልክ መተግበሪያም አለው፤ ባለበት አካባቢ ቅርብ ያለውን ስብሰባ ያሳያል። የተጻፈ ሁሉ ግን ትክክል ነው ብለሽ አትውጪ። ቡድን ቦታና ሰዓት ይቀያይራል፤ መረጃው ሳይታደስ ይቀራል። ደፍራ ወጥታ የተዘጋ በር ያገኘች ሴት ደግሞ ሁለተኛ አትወጣም። ስለዚህ ቀድመሽ ደውዪ። ስምሽን መናገር አይጠበቅብሽም። "ስብሰባችሁ በዚህ ሳምንት አለ ወይ? አዲስ ሰው ይገባል? ሴቶች አሉ?" በቃ፣ ይሄው ነው። ከቻልሽ "በር ላይ የሚቀበለኝ ሰው ይኖራል?" ብለሽ ጨምሪ። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል፤ ያንቺን ችግር የሚፈታውም ይሄኛው ነው።

ስብሰባዎች ክፍትና ዝግ ተብለው ይለያሉ። ክፍቱ ላይ ቤተሰብም፣ ተማሪም፣ ማወቅ የፈለገ ሁሉ ይገባል። ዝጉ የመጠጥ ችግር ላለባቸው ብቻ ነው። መታየት ለምትፈራ ሰው ዝጉ ይሻላል። የሴቶች ብቻ የሆነ ካገኘሽ ደግሞ እሱን አስቀድሚ። እናት ሆኖ መጠጣት የራሱ ሐፍረት አለው፤ ወንዶች ባሉበት አፍ አውጥቶ መናገር የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው።

ሰዓቱንም አስቢበት። አንቺ የምትጠጪው ልጆቹ ሲተኙ ነው። የምሳ ሰዓት ስብሰባ ጥሩ ነው፤ ግን ማታ ማንም አይኖርሽም። ከቤት መውጣት የማይመች ከሆነ በኢንተርኔት የሚደረጉ አሉ። ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ፣ ካሜራ ዘግተሽ መከታተል ይቻላል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ከመግባትሽ በፊት ግን ዙሙ ላይ የሚታየውን ስም አስተካክይ፤ ለሥራ የተመዘገበው ሙሉ ስም ከነአባት ስም ብቅ ብሎ የደነገጡ አሉ።

አካባቢሽ ላይ ምንም ከሌለ በሁለት ሰውም ይጀመራል። ኤኤ ራሱ በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን በምትባል ከተማ ሲጀመር ሁለት ጠጪዎች ነበሩ፤ ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም።

የሃይማኖት ነገር ነው ወይ ላልሽው፣ መልሱ "በከፊል" ነው። ኤኤ የሚከተላቸው 12 እርምጃዎች በ1939 ሲታተሙ ስለ ፈጣሪ የሚያነሱ ነበሩ፤ አሁንም እንዲሁ ናቸው። "እያንዳንዳችን እንደተረዳነው" የሚል ቃል ታክሎበታል። ስብሰባው በአጭር ጸሎት የሚያልቅባቸው ብዙ ናቸው። ማኅበሩ ግን የየትኛውም ሃይማኖት አይደለም፤ እምነትሽን ቀይሪም አይልም። የቤተ እምነት አዳራሽ ውስጥ ሲሰበሰቡ ብታዪ ብዙ ጊዜ ተከራይተው ነው። መጸለይ ካልፈለግሽ ዝም ብለሽ መቆም ትችያለሽ። ጨርሶ ካልተስማማሽ በ1994 የተመሠረተው ስማርት ሪከቨሪ አለ፤ እሱ ስለ ፈጣሪ አያነሳም፤ ከባህሪ ሕክምና የተወሰዱ ዘዴዎችን ነው የሚያለማምደው። ለሴቶች ብቻ ተብሎ በ1975 የተቋቋመው ዊመን ፎር ሶብራይቲም አለ። የትኛውን መረጥሽ ብዬ አልጨቃጨቅሽም። ቀጥለሽ የምትሄጂበት ላንቺ ጥሩው እሱ ነው።

ምን እንደሚጠብቅሽ ካወቅሽ ፍርሃቱ ይቀንሳልና የመጀመሪያውን ምሽት ልንገርሽ። 10 ደቂቃ ቀደም ብለሽ ድረሺ። የሚያፍር ሰው ዘግይቶ ገብቶ ጥግ መያዝ ነው የሚፈልገው። ግን ሁሉም ዞሮ የሚያየው የዘገየውን ነው። ቀድመሽ ስትደርሺ ሁለት ሦስት ሰው ወንበር ሲደረድር፣ አንዱ ሻይ ሲያፈላ ታገኛለሽ። "ላግዝ?" ካልሽና እጅሽ ወንበር ከያዘ ግማሹ ጭንቀት ይለቅሻል።

ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ነው። የሚመራው ባለሙያ አይደለም፤ እንደሌላው ሁሉ ይጠጣ የነበረ ሰው ነው። መክፈቻ ጽሑፍ ይነበባል። ከዚያ "ዛሬ አዲስ ሰው አለ?" ይባላል። ልብ ድው ድው የሚለው እዚህ ጋ ነው። እጅ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ካወጣሽም የራስሽን ስም ብቻ፣ ያለ አባት ስም። ሌሎቹ "የአልኮል ሱሰኛ ነኝ" ብለው ሲጀምሩ ብትሰሚ ልማድ ነው፤ አንቺ ማለት የለብሽም። "ዛሬ ለማዳመጥ ነው የመጣሁት" ካልሽ ማንም አይነዘንዝሽም።

ሰው ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ ምክርም አይሰጥም። ይሄ አዲስ ሰው ግራ ያጋባል። አንዷ እያለቀሰች ተናግራ ትጨርሳለች፣ "አመሰግናለሁ" ይባልና ተራው ለቀጣዩ ይሰጣል። ጭካኔ ነው ብለሽ እንዳትቀየሚ። ማንም ሳይፈርድበትና ሳያርመው እንዲናገር ተብሎ የተደረገ ነው፤ የሚያዋራትና የሚያቅፋት ሰው ስብሰባው ሲያልቅ ይመጣል። መሃል ላይ ለአዳራሽ ኪራይ የሚሆን መዋጮ ይዞራል። አዲስ ሰው አይጠበቅበትም፤ አሳልፈሽ ስጪው። ሳይጠጡ ለቆዩት ሳንቲም የሚመስል ማስታወሻ የሚሰጥባቸውም አሉ፤ ለ24 ሰዓት፣ ለ30 ቀን፣ ለ90 ቀን እያለ ይሄዳል።

ሲያልቅ ቦርሳሽን ይዘሽ እንዳትሮጪ። ስትናገር ልብሽን የነካችውን አንዲት ሴት ፈልጊና "አዲስ ነኝ፤ ስልክሽን ትሰጪኛለሽ?" በያት። ይሄ እዚያ ቤት የተለመደ ነው፤ ማንም አይደነግጥም። ከዚያ አምሮቱ ሳይመጣ፣ ደህና በሆንሽበት ቀን ደውዪላት። በደህና ቀን ያላወራሽውን ሰው በጭንቅ ሰዓት አትደውዪለትም፤ ስልኩን ይዘሽ ታፍሪያለሽ። አምሮት ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል፤ የሚያስፈልግሽ እነዚያን ደቂቃዎች የሚያሳልፍልሽ ወሬ ነው። የመጠጥ ወሬ መሆን እንኳ የለበትም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ብቻ አትፍረጂ። አንዱ ቡድን ሁሉም የሚተዋወቅበት ሆኖ ባይተዋር ያደርግሻል፤ ሌላው ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሲያወራ ያመሻል። ሦስት አራት የተለያየ ስብሰባ ካየሽ በኋላ ወስኚ። "በ90 ቀን 90 ስብሰባ" የሚል ምክር ትሰሚያለሽ። ለሚችል ሰው መልካም ነው። እኔ ግን ሁለት ልጅ ለምታሳድግ ሴት አልመክረውም፤ በሳምንት ሦስት፣ አንዱ በኢንተርኔት ቢሆን ይበቃል። በሁለተኛው ሳምንት ደክሟት ከምታቋርጥ ያነሰውን ብትዘልቅበት ይሻላል።

የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ ላልሽው፣ ውስጥ የምታገኚው ሰው እሱም በዚያው ጉዳይ ነው የመጣው፤ አንቺ እንድታይው አይፈልግም። የሰማነውን ይዘን አንወጣም የሚለው ስምምነት በአብዛኛው ይከበራል። ግን ስምምነት እንጂ ሕግ አይደለም። ሐኪም ምስጢር ካወጣ ይጠየቃል፤ የቡድን አባል አይጠየቅም። ስለዚህ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ፣ የልጆች አሳዳጊነት ጭቅጭቅ፣ የመሥሪያ ቤት ምስጢር የመሳሰለውን እዚያ አታውሪ። እሱን ለጠበቃሽና ለአማካሪሽ አቆዪው።

ጥቂት ስትቆዪ ስፖንሰር የሚባል ነገር ይነሳል። ቀድማሽ ያቆመችና በ12ቱ እርምጃዎች ውስጥ የምትመራሽ ሴት ማለት ነው። ቢያንስ ዓመት ያለፋት ብትሆን ይመረጣል። ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ የተባለው በምክንያት ነው። አዲስ ሰው ስስ ነው፤ ይህን አይተው የሚጠጉ የቆዩ አባላት አይጠፉም። ማታ ማታ "ላድርስሽ" የሚል፣ ቀን ከሌት መልእክት የሚልክ ወንድ ካጋጠመሽ ለሴቶቹ ንገሪ፣ ከዚያ ቡድን ቀይሪ። ገንዘብ አበድሪኝ የሚል፣ መድኃኒት ልሽጥልሽ የሚል፣ ከባልሽ ተፋቺ ብሎ የሚወስንልሽም ካለ እንዲሁ።

መድኃኒትን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር። ሐኪምሽ አምሮት የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ወይም አካምፕሮሴት ያሉ መድኃኒቶች ሊያዝልሽ ይችላል። ስብሰባ ላይ "እሱ ካለ ማቆም አይባልም" የሚልሽ አዋቂ አይጠፋም። የኤኤ የራሱ ጽሑፍ አባላት ሐኪም ሆነው እንዳይገኙ ይላል። በትሕትና አዳምጪና መድኃኒትሽን ዋጪ።

ተመልሰሽ ልትጠጪ ትችያለሽ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው "በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ" ብሎ ከቡድኑ ይጠፋል። እዚያ ካሉት ብዙዎቹ ግን አገርሽቶባቸው ተመልሰው የመጡ ናቸው። በማግስቱ ሂጂ፤ "ትናንት ጠጣሁ" በይ፤ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። ለተከታታይ ቀናት ጠጥተሽ ከሆነ ግን መንቀጥቀጡ ስለሚመለስ መጀመሪያ ለሐኪም ደውዪ።

የቀረው ባለቤትሽ ነው። የት እንደምትሄጂ ሳያውቅ በሳምንት ሁለት ማታ ከቤት ብትወጪ ጥርጣሬው ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ብዙ ቤት አይቻለሁ። ደግሞም በነዚያ የመጀመሪያ የማቆም ቀናት አጠገብሽ ሆኖ ምልክቶቹን የሚያይ ሰው ያስፈልግሻል። ያለፈውን ሁሉ በአንድ ማታ አትዘርግፊው። ጠዋት፣ ሳትጠጪ፣ "ከምታስበው በላይ እጠጣለሁ፤ ብቻዬን ማቆም አቅቶኛል፤ ሐሙስ ሐኪም ጋ አብረኸኝ ና" በይው። ቢቆጣ ወይም ቢያዝን አይግረምሽ። እሱም የሚያወራው ሰው ያስፈልገዋል። ለጠጪ ቤተሰቦች ተብሎ በ1951 የተመሠረተ አል-አኖን የሚባል ማኅበር አለ፤ በአካልም በኢንተርኔትም ይሰበሰባል። የሐኪም ቀጠሮውን ስታሲዢ የዚህንም አድራሻ ጠይቂለት።